ሀብቶምና መጥረጊያዋ መኪና

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ ተጠራጥሬአለሁ። በጣሊያን ዘመን ስንቱ ቤት ተቃጥሎ፣ ስንቱ አባት ጫካ ገብቶ ሳይመለስ ቀርቶ፣ እኔ ስለ ብስክሌት ውድድር ልጻፍ? ውድድሩ የጣሊያኖቹ ነበር። ጋላቢዎቹም ደመወዝ የሚከፈላቸው የእነሱ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ዘንድሮ አዲስ አበባ ገብቼ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሆንኩ ወዲህ፣ ጓደኞቼ ስለ ኢሉባቦር ሲጠይቁኝ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ጉዞ ሆነ። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ጋዜጣ አንባቢዎች የማስታውሰውን ያህል በጥንቃቄ እጽፋለሁ።

መቱ፣ ሊነጋ ሲል

ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። የጋሼ ነስሩ የጭነት መኪና ሞተሯ አልነሳ ብሎ ሦስት ሰው ይገፋታል። ጋሼ ነስሩ የመቱ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ዛሬ ከሁሩሙ ገበያ ቡና ጭነው ጎሬ ሊያደርሱ ነው። የይለፍ ወረቀቱን ያወጡት ለቡናው ነው፤ ልባቸው ያለው ግን ብስክሌቱ ላይ ነው። አክስቴ ብርቄ ዳቦ በቅርጫት ሞልታ መሪውን ከያዙት ከጋሼ ነስሩ ጎን ተቀምጣለች። እኔ ከኋላ ከባዶ ጆንያዎቹ ላይ ነኝ።

ውድድሩ ከጅማ ተነስቶ በየቀኑ አንድ አንድ ከተማ እያደረ ይመጣል። ዛሬ ከበደሌ ተነስቶ በያዮ፣ በሁሩሙና በመቱ አልፎ ጎሬ ላይ ያበቃል። የየዕለቱን ወሬ የጭነት መኪና ሾፌሮች ያመጡልን ስለነበር መቱ ሁለት ወገን ሆና ነበር። ጋሼ ነስሩ ሁልጊዜ ለሚቀድመው ለባለ ቀይ ሸሚዙ ናቸው። አክስቴ ደግሞ ለመጨረሻው።

የመጨረሻው ሀብቶም ይባላል፤ የአስመራ ልጅ ነው። የመጣው ጎማ ሊጠግን ነበር። ጅማ ላይ አንዱ ጣሊያን ወባ ሲይዘው በእሱ ብስክሌት ላይ አስቀመጡት። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ሾፌሮቹ "መጥረጊያዋ" የሚሏት መኪና ትከተላለች፤ ዳኛው የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። መጥረጊያዋ የቀደመችው ጋላቢ ብስክሌቱን እሷ ላይ ጭኖ ይወጣል፤ ከውድድሩ ተሰረዘ ማለት ነው። ለሀብቶም ደግሞ የውድድሩ ሹም፣ "ጎሬ ካልገባህ ከእንግዲህ ሐበሻ ኮርቻ ላይ አይወጣም" ብሎታል አሉ። አስመራ ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁ ጓደኞች አሉት።

"እትዬ ብርቄ፣" አሉ ጋሼ ነስሩ መኪናዋ እንደተነሳች፣ "ይህን ሁሉ ዳቦ የጋገሩት ለመጨረሻ ሰው ነው?"

"የእርስዎ ቀይ ሸሚዝ እናቱ ትጋግርለት። የእኔ ልጅ እናቱ ሩቅ ናት።"

"እናት እንዳለችው በምን አወቁ?"

"ጋሼ ነስሩ፣ መንገድዎን ይዩ!"

ሁሩሙ፣ ረፋድ

ቅዳሜ ነው፤ ገበያው ሞልቷል። ቀይ ቡና ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ነጭ ማር በቅል፣ ሙዝ በዘለላው፣ ዝንጅብል በክምር። ሕዝቡ እንዲቀበል ከሹም ቤት ታዞ ስለነበር በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ከፊት የቆሙት የአገሩ ሽማግሌ ኦቦ ጉዲና ናቸው።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ባለ ቀይ ሸሚዙ እንደ ጥይት አለፈ። ሌሎቹ ተከተሉት። ጋሼ ነስሩ ብቻቸውን ጮኹ፤ ከሕዝቡ እልል ያለ አልነበረም።

"ምነው ኦቦ ጉዲና? አንደኛው እኮ አለፈ!"

"ለመንገድ ጠራጊ እልል ይባላል እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። "ጌታው ገና ከኋላ ነው።"

"ጌታ የለም፤ የሚበልጠው የቀደመው ነው!"

"ነስሩ፣ ትልቅ ሰው ሲሮጥ አይተህ ታውቃለህ?"

በአገራችን ሹም ሲጓዝ አሽከር ይቀድማል፣ ጌታው ይከተላል፣ ጓዙ ከኋላ ይመጣል። ሁሩሙም ያየው ይህንኑ ነው።

ብዙ ቆይቶ ሀብቶም ብቅ አለ። ብቻውን ነው። አቧራው ፊቱን ዱቄት የተነፋበት አስመስሎታል። ከኋላው መጥረጊያዋ ታጓራለች። ያን ጊዜ ሁሩሙ በእልልታ ተናጋ። ሰዎች መንገዱ መካከል ገቡ። "በጋ ነጋን ዱፍተን!" እያሉ፣ እንኳን በደህና መጡ ማለት ነው፣ ኦቦ ጉዲና የብስክሌቱን እጀታ እንደ በቅሎ ልጓም ያዙለት፤ ሌሎቹ ደግፈው አወረዱት። በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ማር በቅጠል፣ ብርዝ በዋንጫ ቀረበ።

"እናቶቼ፣ ልሂድ! እለምናችኋለሁ፣ ልሂድ!" ይላል ሀብቶም። ጌታ ሲግደረደር እንዲህ ነው ብለው ይበልጥ አጎረሱት።

መጥረጊያዋም አላለፈችም፤ የጌታው ጓዝ ናትና እሷም ትስተናገዳለች። ወፍራሙን ዳኛና ሾፌሩን አውርደው ጥላ ስር አስቀመጧቸው።

አክስቴ በሰው መካከል ተጋፍታ ገባች። "ልጁን ልትገድሉት ነው? ልቀቁት! ያቺ መኪና ከቀደመችው አለቀለት!"

ጋሼ ነስሩ ኦቦ ጉዲናን ክንዳቸውን ይዘው በኦሮምኛ ነገሩን አስረዷቸው፤ ልጁ የመጨረሻ መሆኑን፣ መኪናዋ የምትጠብቀው መድከሙን መሆኑን። የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ ቅልና ዋንጫ ወደያዙት ሴቶች ዞር አሉና፣ "ልጁ ይሂድ" አሉ። ዳኛውን እያዩ ደግሞ ጨመሩ፦ "እነዚህ ግን ገና አልበሉም።"

ሀብቶም ኮርቻው ላይ ዘሎ ወጣ፤ አፉ ውስጥ ገና ማር ነበረ። ዳኛው ሰዓቱን እያየ በተነሳ ቁጥር አንዲት ሴት ሌላ ቅጠል ትዘረጋለች። ሁለቴ እምቢ አለ። ሦስተኛውን ቀመሰ። ከዚያ ዳዲ የሚሉት የማር ጠጅ መጣ፤ ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ሁላችንም እየሳቅን እንፈራ ነበር። አንድ ወታደር መጥቶ "የመንግሥት መኪና አገታችሁ" ቢል ኦቦ ጉዲና በዚያው ታስረው ይሄዱ ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም ዋንጫው እንዲሞላ በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ።

ወደ ጎሬ፣ ከሰዓት በኋላ

ቡናው ተጭኖ ስንነሳ ዳኛው ገና ይበላል። የሶር ወንዝን ድልድይ ተሻገርን፤ መቱንም አለፍን። ሀብቶምን ያገኘነው ጎሬ ዳገት ላይ ነው። ወርዶ ብስክሌቱን ይገፋል። አክስቴ በመስኮት ወገቧ ድረስ ወጥታ ዳቦ ወረወረችለት። ቀልቦ ገመጠ።

"እናቴ፣ ድንጋይ ነው የጋገርሽው!"

"ይሳደባል!" አለች አክስቴ በደስታ። "ነፍስ አለው! ተሳደብ ልጄ፣ ብቻ ውጣ!"

ጋሼ ነስሩ ቀይ ሸሚዛቸውን ረስተው፣ "አይዞህ ጀግናው! አሁንማ ጎሬ ማለት እዚች ናት!" ይሉ ጀመር። ውሸታቸውን ነው፤ ገና ሩቅ ነበር። ሀብቶም ተመልሶ ኮርቻው ላይ ወጣ። ወደ ታች ስንመለከት የመጥረጊያዋ አቧራ ይታያል።

ጎሬ፣ አመሻሽ

ሀብቶም የማብቂያውን ነጭ መስመር ሲያልፍ መጥረጊያዋ ከኋላው ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ላይ ነበረች። አልቀደመችውም። አሸናፊውን የተቀበሉት ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ሰብስበው ሄደዋል። እልል ያልነው እኛና ጥቂት የጎሬ ሰዎች ነን። ግን የውድድሩ ሹም በእምቢታ እጁን አወዛወዘ፤ መኪናዋ መንገድ ላይ መዘግየቷን ሰምቷል። ልጁ መቆጠር አለመቆጠሩ ነገ ጠዋት ይወሰናል፤ መኪናዋን ያገደም ካለ ይጠየቃል አለ። ጣሊያንኛ ከትምህርት ቤት ጥቂት ይዤ ስለነበር ለአክስቴ ተረጎምኩላት። ቅርጫቷን አስቀመጠች።

እራት የበላነው በጋሼ ነስሩ ዘመድ ቤት ነው። ማንም እንደልቡ አልበላም።

"ባለ ቀይ ሸሚዙ አሸነፈ" አሉ ጋሼ ነስሩ። "ይህን ያህል ቀን ስጮህለት ከርሜ፣ ዛሬ ፊቱን አስታውስ ብባል አላስታውስም።"

"እኔ የማስበው ለኦቦ ጉዲና ነው" አለች አክስቴ። "ልጄ ቢሰረዝ አለቅሳለሁ፤ ይወጣልኛል። እሳቸው ቢታሰሩ ግን ሁሩሙን በየት በኩል አልፋለሁ?"

"ነገሩን የነገርኳቸው እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ ነስሩ። "ባልነግራቸው ኖሮ ልጁ እዚያው ማር እየበላ ይቀር ነበር። ደግ ሠራን እትዬ ብርቄ፤ ፈጣሪ ክፉውን ይመልስ እንጂ።"

ጎሬ፣ በማግስቱ ጠዋት

ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ሜዳው ላይ ቆሟል። ጋላቢዎቹ በተርታ፣ ሀብቶም ዳር ላይ። ሹሙ ወፍራሙን ዳኛ ጠራና፣ "መኪናህን ማን አገዳት?" አለው።

ዳኛው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ቃል በቃል ለአክስቴ በጆሮዋ እነግራታለሁ፦ "ማንም አላገደኝም። ጋበዙኝ፣ ወርጄ በላሁ። ጥፋት ካለ የሆዴ ነው። ልጁንም አልቀደምኩትም።"

ጋላቢዎቹ ሳቁ። ሹሙ አልሳቀም። ከዚያ የጨረሱት ስም ከአንደኛው ጀምሮ ተጠራ። አክስቴ ክንዴን በጥፍሯ ይዛለች። የመጨረሻው ስም "ሀብቶም" ሆነ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ጋሼ ነስሩ። አክስቴ ክንዴን ለቃ እልል አለች።

ሀብቶም ወደ እኛ መጥቶ እጅ ነሣ። ለኦቦ ጉዲና ምን እንንገርልህ አልነው። "ጌታ አይደለሁም በሉልኝ" አለ። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ ደግሞ፣ "በሕይወቴ ግን ልጓሜን የያዘልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው በሉልኝ።"

ዛሬ ሳስበው የዚያን ቀን ሰዎች ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ዋንጫ ያስሞሉትን ሽማግሌ፣ እውነቱን የተናገሩትን ነጋዴ፣ ዳቦ የወረወረችውን አክስቴን፣ ጥፋቱን በሆዱ ላይ ያደረገውን ዳኛም ጭምር። ለእኛ ውድድሩ ያለቀው ባለ ቀይ ሸሚዙ ቅዳሜ መስመሩን ሲያልፍ አልነበረም። ያለቀው ያ የመጨረሻ ስም ሲጠራ ነው፤ እሑድ፣ ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.።