ውርጭ የመታው ቁምሳጥን

የባሕር ዛፍ ቅጠል በመዳፌ ባሸሁ ቁጥር አንዲት ሴት ትታወሰኛለች። ትናንት ጫጫ ከተማ ባለው ቤቴ የቁምሳጥኔን መሳቢያ ከፍቼ የደረቀውን ቅጠል በእርጥብ ስተካ፣ ሽታው ሰነፈጠኝና እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ላውራችሁ፤ ነገሩ የበረሮ ነው፣ ግን አትናቁት።

ያኔ እኔና እናቴ ደብረ ብርሃን አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ብርድ ልብስ ስትነግድ ከርማ ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ ቁምሳጥን አስመጣች። በዕድሜዋ ከገዛችው ዕቃ ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስትወለውለው መስተዋቱ ውስጥ ራሷን ሰረቅ አድርጋ ታያለች። በሳምንቱ መሳቢያውን ስከፍት አንዲት በረሮ ሮጣ ስንጥቁ ውስጥ ገባች። ለእናቴ አልነገርኳትም። ያን ደስታዋን ማን ያፈርሳል?

ከወር በኋላ ከወለጋ የተፈናቀለች ሴት ከተፈናቃዮች መጠለያ ወጥታ፣ ከትንሽ ልጇ ጋር በጓሮ በኩል ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራየች። ብዙም ሳይቆይ የጋራውን ማድ ቤት በረሮ ወረረው። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ለፍርድ ግን ይቸኩላሉ።

«በዚህ ብርድ በረሮ ኖሮ አያውቅም። ከመጠለያው ይዘሽው ነው የመጣሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠፋ ሌላ ቤት ፈልጊ፣ ልጄ» አሏት።

ሴትየዋ «እሺ፣ እትዬ» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅላ ውኃውን በየጥጋጥጉ ረጨች። ስኳር ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ደባልቃ በየቆርቆሮ ክዳኑ አስቀመጠች። የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጭቃ ደፈነች። ቅጠሉን የምሸመጥጥላት እኔ ነበርኩ። «አይዞሽ፣ ይጠፋሉ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ላያት አፍራለሁ። በረሮዎቹ ሦስት ቀን ይጠፉና ይመለሳሉ። ከየት እንደሚመጡ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጇ ደብተሯን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስትከት አየኋት። አላስቻለኝም። ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እናቴ መሳቢያውን መዝዛ አወጣችው፤ ከኋላው ምስር የሚያካክሉ የበረሮ ዕንቁላሎች ተለጥፈዋል። መሳቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወጥታ የአከራያችንን በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ በረሮው የእኔ ነው» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር ቀና ተብሎ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

አከራያችን ሴትየዋን አስጠሯት። «ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ሆነብኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉና ወደ ቁምሳጥኑ ዞሩ። «በረሮ ብርድ አይችልም ብያለሁ። እንግዲያስ ብርዱን እናቅምሰው።»

ሦስቱ ሴቶች ቁምሳጥኑን ተሸክመው ግቢው መሃል አቆሙት። መሳቢያዎቹን ሣሩ ላይ ደረደርናቸው። ወሩ ኅዳር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ፣ መስተዋቱ ውርጭ ለብሶ፣ በረሮዎቹ እግራቸውን ሰቅለው ደርቀው አገኘናቸው። ሳምንት ሙሉ ውጭ አሳደርነው። ከዚያ በሎሚ ውኃ ወልውለን፣ ቅጠል ጎዝጉዘን አስገባነው። በማድ ቤት የቀሩትን የሴትየዋ ስኳር ጨረሳቸው።

ሁለት ዓመት አብራን ኖረች። ሰፋ ያለ ቤት አግኝታ ስትሄድ ዕቃዋን እያገዝኳት፣ አውቄ ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«እኔም አውቅ ነበር። በመጣሁ በሳምንቱ ጨው ልበደር በራችሁ ላይ ቆሜ፣ በረሮ ከመሳቢያው ስትወጣ አይቻለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እናትሽ ስትወለውለው አየኋታ። እኔም አገሬ ሳለሁ እንደዚያ የምወለውለው ቁምሳጥን ነበረኝ።»

ሥራ ይዤ ጫጫ ስገባ እናቴ ቁምሳጥኑን ለእኔ ሰጠችኝ። ትናንት ቅጠሉን ከተካሁ በኋላ ጨርቅ አንስቼ መስተዋቱን ወለወልኩት፤ አንዴ ለእናቴ፣ አንዴ ለእሷ።