የሐሙሱ ድራማ በእኅቴ ቤት

ታናሽ እኅቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጇ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ሲል የተሳፈረባት ጀልባ ተገለበጠች። ከጀልባዋ የተረፈ አንድ የሐርቡ ልጅ ደውሎ፣ «ውኃው ውስጥ ከገባን በኋላ አላየሁትም» አላት። ሞተ አላለም። እሷም ይህችን ቃል ይዛ ለቅሶ አልቀመጥም አለች።

ወራት አለፉ። ወንድሞቻችን አስከሬኑ ላልተገኘ ሟች የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ በጁሙዓ ሊያሰግዱለት አሰቡ። እናቱ ሳትፈቅድ ግን አይሆንም። «አንቺን ትሰማሻለች» ብለው ሐሙስ ዕለት ከደሴ ላኩኝ። ከፒያሳ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ።

ስደርስ ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። የእሷ ቴሌቪዥን ሰፊ ስለሆነ ወደ አማርኛ የተመለሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ድራማ የሚያዩት እዚያ ነው። ሲያልቅ እነግራታለሁ ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ፎቅ ተደርምሶ አንድ ወጣት ከሥሩ ቀርቷል። አንዷ ጎረቤት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና «ወጣ? ወጣ?» ትላለች።

«ገና ነው።»

«ያ ረቢ፣ ውኃ እንኳ የሚያቀብለው ይጥፋ?»

«ተዪ ባክሽ፣ ደመወዙን ተቀብሎ ነው የተኛው» አለች አንዲት ቀልደኛ ወጣት።

«ወላሂ፣ ያን ድንጋይ ባንቺ ላይ ነበር መጫን።»

ሳቁ። እኅቴ አልሳቀችም። ባለፉት ሳምንታት ከፍርስራሹ ሰው በወጣ ቁጥር ትደውልልኝ ነበር። «ዛሬም አንድ አወጡ» ትለኛለች፣ የዘመድ ያህል።

በዚህኛው ክፍል ግን የነፍስ አድን ሠራተኞቹ አለቃ መጥቶ ፍለጋው ማብቃቱን ለወጣቱ እናት ነገራት። እናትየዋ ፍርስራሹን በጥፍሯ መቧጠጥ ጀመረች። ባለሻርፗ አለቀሰች። ቀልደኛዋ ሳትቀር አለቃውን «አንተ አረመኔ» ብላ ሰደበችው። ሌላዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ «ቆፍሪ እናቴ፣ አትስሚው» ትላለች።

የእኅቴ ዐይን ደረቅ ነበር።

«እሷስ የምትቆፍረው አላት» አለች።

በዝግታ ነው ያለችው፤ ሁሉም ግን ሰማት። አንዷ ተነሥታ ድምፁን ቀነሰች። ጥቂት ተቀምጠው፣ ድራማው ሳያልቅ፣ ጫማቸውን በር ላይ እየፈለጉ አንድ በአንድ ወጡ።

ብቻችንን ስንቀር «ምን ብለው ላኩሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ነገ ነው?»

«ከፈቀድሽ።»

«ይስገዱ።»

ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

በማግስቱ ተሰገደለት። ከሩቅ ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች መቼ እንዳረፈ ጠየቁን። ወንድሞቻችን ጀልባዋ የተገለበጠችበትን ቀን ሊናገሩ ጀመሩ።

«ዛሬ በሏቸው» አለች እኅቴ።