ሦስተኛዋን ሲሊንደር የዘጋሁበት በጋ

ሸዋ ሮቢት ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ብረቱ ሁሉ እጅ ያቃጥል ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ ከተማዬ የተመለስኩ የከባድ መኪና መካኒክ ነበርኩ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ተፈራ ከየት እንደመጣሁ እንኳ በቅጡ ሳይጠይቁ እጄን ገልብጠው አዩት። "ቅባት የለመደ እጅ ነው፤ ግባ" አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ከደሴ የመጣ የጭነት መኪና ቆሟል። ሞተሩ ሲነሳ ቆርቆሮ በመዶሻ እንደሚመታ ያንኳኳል። እኔ ለመታየት ቸኩዬ ስለነበር ቁልፍ አንስቼ ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ጋሽ ተፈራ ክንዴን ያዙኝ።

"ምን ልትፈታ ነው?"

"የሚያንኳኳውን ነዋ፣ ጋሼ።"

"የትኛው እንደሆነ መች አወቅክና?"

ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ሠርተው አሳዩኝ። ሞተሩ እየሠራ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ናፍታ የሚወስደውን ቀጭን ቱቦ ማሰሪያ፣ ዳዶውን፣ ፈታ አደረጉት። ናፍታው ወደ ውጭ ፈሰሰ፣ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ማንኳኳቱ ግን አልጠፋም። አጠበቁት፤ ሁለተኛውን ፈታ አደረጉ። እንዲህ እያሉ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። "ሲዘጋ ማንኳኳቱ ዝም የሚልልህ፣ የታመመው እሱ ነው" አሉኝ። ከሠራዊት ቤት ስንት ሞተር ፈታትቼ ስመለስ እንደዚህ ተረጋግቼ ሞተር አዳምጬ አላውቅም ነበር።

መረጋጋት ደግሞ ተፈጥሮዬ አይደለም። ጋሽ ተፈራ "ቁጭ ብለህ ብላ እንጂ ልጄ" ይሉኛል፤ እኔ እንጀራዬን ጠቅልዬ መንገድ ዳር ቆሜ እበላለሁ። ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርደውን፣ ከካራቆሬ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በጆሮዬ እከተላለሁ። አንዱ አንኳክቶ ካለፈ ቀኑን ሙሉ ሰላም አይሰጠኝም።

ሾፌሮች ዘዴዋን ወደዱልኝ። መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝም ነበር፤ የታመመውን ሲሊንደር ለይቼ ናፍታውን እዘጋበትና "ቀስ ብለህ ንዳ፣ ዳገት ላይ አታስጨንቀው" ብዬ እሸኛለሁ። እያነከሰ አጣዬ ይደርሳል። ተመልሶ ሲመጣም በደንብ ይጠገናል። ከሞተሩ የሚጎድለው ኃይል የሚታየው ሾፌሩ ላይ ብቻ ስለሆነ ማንም አይከራከረኝም።

ክርክር ያገኘሁት ሮቢ ወንዝ ዳር ነው።

አንድ የካቲት ላይ የመስኖ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ጋራዥ ድረስ መጡ። ረጅም፣ ድምፃቸው የማይጮህ፣ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የማኅበሩ የውሃ ፓምፕ ማንኳኳት ጀምሯል። ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ነው። ከወንዙ ውሃ ስቦ መጀመሪያ ለታችኛው ማሳ ይሰጣል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ በረጅሙ ቧንቧ ሽቅብ ገፍቶ ላይኛውን ማሳ ያጠጣል። ሽንኩርቱ ሥር የሚይዝበት ጊዜ ነበር።

ሄድኩ። ገና ከሩቅ ሰማሁት፤ ደረቅና ፈጣን ማንኳኳት። ዳዶዎቹን በየተራ አላላሁ። ሦስተኛው ላይ ጠፋ። ኖዝሉ ናፍታውን መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል፤ የተጠራቀመው ናፍታ አንድ ጊዜ ሲነድ ፒስተኑን ይመታዋል። እንዲያ ከቀጠለ ፒስተኑ ተበስቶ ሞተሩ እዚያው ይቀራል። የሦስተኛውን ቱቦ ፈታሁና ናፍታው በላስቲክ ቱቦ ወደ ናፍታ ጋኑ እንዲመለስ አደረግሁ። ሞተሩ በሁለት ሲሊንደር መሥራት ጀመረ። ይንቀጠቀጣል፣ ግን አያንኳኳም። የታችኛው ቦይ ሞላ። አቶ ደምሴ "ተባረክ" አሉኝ።

በማግስቱ እትዬ ዘሃራ መጡ። ላይኛው ማሳ የእሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬቱን በራሳቸው ጉልበት የያዙ ሴት ናቸው። እኔ ፓምፑ ጋ ጎንበስ ብዬ ዘይት ሳይ ከኋላዬ ቆሙ።

"ሦስተኛዋን የዘጋሃት አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ውሃው ከቧንቧው ወገብ ላይ ቆመ። እኔ ጋ አልደረሰም።"

አውቄዋለሁ። ተራው ወደ ላይ ሲዞር ሞተሩ ኃይል አጥሮት እያቃሰተ ሲወርድ ሰምቼዋለሁ። ስለ ኖዝሉና ስለ ፒስተኑ አስረዳኋቸው። አላቋረጡኝም።

"ብትከፍታት ስንት ቀን ትቆያለች?"

"አላውቅም። አንድ ሰዓትም ልትሆን ትችላለች፣ አንድ ሳምንትም።"

"ሽንኩርቴ ሳምንት አይቆይም፣ ወላሂ" አሉ። አልጮሁም። ነጠላቸውን አጠበቁና ወደ ማሳቸው ወጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ሞተሩ ጋ እሄዳለሁ፣ ቧንቧውን ተከትዬ ላይ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። የላይኛው ሽንኩርት ቅጠሉ ጫፉ መቃጠል ጀምሯል። አቶ ደምሴን "ምን ይሻላል?" አልኳቸው። "ሞተሩ ከተሰበረ ሁላችንም ደረቅን። እንደተዘጋች ትቆይ" አሉኝ። ትክክል ናቸው። እትዬ ዘሃራም ትክክል ናቸው። እኔ መሐል ላይ ቁልፍ ይዤ ቀረሁ።

በዚያ ቀን ተራው የላይኛው ነበር፤ ውሃው ግን አልወጣም። ናፍታ በከንቱ ከሚነድ ሞተሩን ላጥፋው ብዬ ተነሳሁ። ፓምፕ ሲጠፋ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ የውሃ መውጫውን ቫልቭ ትዘጋለህ፣ ከዚያ ሞተሩን። የቫልቩን መሪ ማዞር ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ሲያቃስት የነበረው ሞተር ቀና አለ። ፍጥነቱ ጨመረ። እጄን ከመሪው ላይ ሳላነሳ ቆምኩ።

ከላይ ጩኸት መጣ። እትዬ ዘሃራ ናቸው።

"መጣ! ኧረ መጣ! አልሐምዱሊላህ!"

ሮጬ ወጣሁ። ከቧንቧው አፍ እንደ ክንድ የሚወፍረው ውሃ ሳይሆን እንደ አውራ ጣት የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። ግን ይወርዳል። ቫልቩ ሲጠብ ፓምፑ የሚገፋው ውሃ አነሰ፣ ሞተሩ ሸክሙ ቀለለት፣ ፍጥነቱን መልሶ ሲያገኝ ጥቂቱን ውሃ ሽቅብ መወርወር ቻለ። ይህን እያሰብኩ ያደረግሁት አልነበረም። እትዬ ዘሃራ ውሃውን በእጃቸው እየመሩ "ይቺም ውሃ ናት፣ ይቺም ውሃ ናት" ይላሉ።

ችግሩ ጊዜ ነው። እንዲህ የቀጠነ ውሃ ያንን ማሳ በአንድ ተራ አያዳርሰውም። የታችኞቹ ከተራቸው መልቀቅ አለባቸው። አቶ ደምሴ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

"ተራ ተራ ነው። ዛሬ ከፈረሰ ነገ ማን ያከብረዋል?"

"አይተውታል የእትዬ ዘሃራን ማሳ?" አልኳቸው።

"ምን አገባህ? አንተ የሞተር ሰው ነህ።"

ጎንበስ ብዬ የሞተሩን ብሎኖች ማጥበቅ ጀመርኩ፤ በሁለት ሲሊንደር ሲሠራ ንቅጥቅጡ ከሲሚንቶው ላይ ብሎን ይነቅል ነበር። ቀና ስል አቶ ደምሴ ቧንቧውን ተከትለው ብቻቸውን ሽቅብ ሲሄዱ አየሁ። ቆዩ። ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ ነክቶታል። ማንንም ሳያናግሩ አካፋ አነሱና ወደ ራሳቸው ማሳ የሚገባውን ቦይ ደፈኑት።

"የኔ የነገው ተራ ወደ ላይ ይሂድ" አሉ። "የሌላውን ሰው ግን እኔ አልሰጥም፤ ራሷ ትለምን።"

እትዬ ዘሃራ ለመኑ። ሁለት ሰዎች ሰጧቸው፣ ሌሎቹ አልሰጡም።

እኔ ኖዝል ፍለጋ አዲስ አበባ ወጣሁ። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር እሱም ያንኳኳል። ደብረ ሲና ላይ ሰው ቆሎ ሲገዛ እኔ ወርጄ ሞተሩ አጠገብ ቆምኩ። ሾፌሩ "ምን ፈልገህ ነው?" ሲለኝ "ሁለተኛው ይመስለኛል" አልኩት። ስቆ ወደ መቀመጫዬ መለሰኝ። የመለዋወጫ ሰፈሩን ሶማሌ ተራን ሱቅ በሱቅ ዞርኩ። የሚሆነኝን ያገኘሁት ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል፣ አሮጌ ሞተር ከሚበልት ሰው ዘንድ ነው። በኪሴ ይዤው ስመለስ መንገዱን ሙሉ እዳብሰው ነበር።

ስደርስ ሞተሩ ይሠራል። አጠፋሁትና ቴስታውን ፈታሁ። የሦስተኛው ፒስተን አናት ተበልቶ ሊበሳ ምንም አልቀረውም። አቶ ደምሴ በጣታቸው ዳሰሱት። ፒስተኑን ሌላ አሮጌ ሞተር ላይ ከነበረ ደህና ፒስተን ጋር ቀየርኩት፣ ኖዝሉን ገጠምኩ፣ ሦስተኛዋን ከፈትኳት። ሞተሩ በሦስቱም ሲነሳ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ከላይ እትዬ ዘሃራ እጃቸውን አነሱልኝ።

ከማሳቸው ያዳኑት ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። የላይኛው ጥግ ደርቆ ቀረ። ሽንኩርቱ ሲነቀል አንድ ጆንያ ለጋራዡ ላኩ። ጋሽ ተፈራ ከፍተው አይተው "ትናንሽ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሠርቼ ነው ቁልፉን ያስቀመጥኩት። ለእናንተ ለምትተኩን የምላችሁ ይህ ነው። የሚያንኳኳውን ሲሊንደር ለይቶ መዝጋት ሞተርን ያድናል፤ ጥገና ግን አይደለም። የተዘጋው ሲሊንደር ሥራ ከአንድ ሰው ላይ ይጎድላል። ማን ላይ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ፣ መለዋወጫውንም በዚያው ቀን መፈለግ ጀምሩ።