ለአስጎብኚው የለቀቅኩት ወንበር

ሽማግሌ ቆሞ እኔ መቀመጥ አልችልም፤ አስተዳደጌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአምስተርዳም ወጣ ብሎ ያለውን አንጋፋ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ በአውቶቡስ ልጎበኝ ሄድኩ። አስጎብኚያችን ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው የሠሩ ሆላንዳዊ አዛውንት ናቸው፤ ማይክ ይዘው ቆመዋል። ብድግ አልኩ።

«ይቀመጡ፣ አባባ።»

«አመሰግናለሁ፤ መቆም ሥራዬ ነው።»

ይሉኝታ ይዟቸው መሰለኝ። ሦስቴ ሳይለመን እሺ የሚል ትልቅ ሰው የት አለ? «በሞቴ»ን በደችኛ እንዴት እንደሚሉት ስላላወቅኩ ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኩ። ሹፌሩ ዞሮ አፈጠጠብን።

በመጨረሻ ተቀመጡና ማይኩን አቀበሉኝ። «እንግዲያው የቆመው ያስረዳ!»

እኔ ዛንዳም ከተማ ብስኩት መጋዘን ነው የምሠራው፤ ስለ ብረት የማውቀው ድስቴን ብቻ ነው።

«ይኼ ትልቁ ምድጃ ነው» አልኩ፣ በመስኮቱ እየጠቆምኩ። «ያ ደግሞ... ሌላው ምድጃ። ጥያቄ ያለው?»

ከመላው አውቶቡስ አንድ እጅ ብቻ ወጣ። የእሳቸው።