የኔታ ገብረ ኪዳንና ከዓባይ ማዶ የመጣው ተማሪ

የኔታ ገብረ ኪዳን ዲማ ገብተው ቅኔ ጀምረው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ግን እርፍ የሚይዝ ሰው ጠፋና ትምህርቱን አቋርጠው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አገራቸው ከሉማሜ ወረድ ብሎ፣ ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ማዘንበል በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሕፃናትን ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ከቀትር በኋላ እርሻቸው ላይ ይውላሉ። ድምፃቸው ወፍራም፣ ቁጣቸው ቅርብ፣ ሳቃቸውም ከቁጣቸው የማይርቅ ሰው ነበሩ። ጣሊያን መንገዱ ዳር መሽጎ፣ የመንደሩም ጎልማሳ ገሚሱ ዱር ከገባ በኋላ እንኳ ተማሪዎቻቸውን አልበተኑም።

በወረራው በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጥርሱን ገና ነቅሎ ያልጨረሰ አንድ ልጅ እጁን ይዘው መጡ።

«የወንድሜ ልጅ ነው የኔታ» አሉ። «ወንድሜ ሰላሌ አግብቶ እዚያው መቅረቱን ያውቃሉ። አሁን መንደሩ ተቃጠለ፤ እሱም ሞተ። እናቱ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ነጋዴዎች ናቸው ዓባይን አሻግረው ያመጡልኝ።»

«ስሙ ማነው?»

«ቶለሳ። የክርስትና ስሙ ፍቅረ ሥላሴ ነው። ግን የኔታ፣ ልጁ አይናገርም። ጠበልም ወሰድኩት፤ ምንም አልፈየደለት።»

ቶለሳ ከሌሎቹ ጋር ዋንዛው ሥር ተቀመጠ። ፊደሉን ከእኩዮቹ ቀድሞ ያዘ፤ «ሀ ሁ» ሲል ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ይሁንና «ውሃ አምጣ» ሲሉት ዓይን ዓይናቸውን ያያል፤ «ተቀመጥ» ሲሉት ይቆማል። ልጆቹ ይስቃሉ። አንድ ቀን ትንንሾቹን የሚያስጠናው፣ እንዳላማው የሚባለው ትልቁ ተማሪ ታከተውና፣

«የኔታ፣ ይህ ልጅ ደንቆሮ ነው፤ በከንቱ ነው የምንደክመው» አለ።

የኔታ ወደ እንዳላማው ዞሩ። «አንተ ዳዊት ትደግማለህ?»

«እደግማለሁ።»

«ግዕዙን ትሰማዋለህ?»

እንዳላማው አንገቱን ደፋ። «አልሰማውም፤ የኔታ።»

«እንግዲያ ደንቆሮው ማነው? የዚህ ልጅ ጆሮ ደህና ነው። ያጣው የኛን አፍ ነው።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የኔታ ሉማሜ ወጥተው ታረቀኝ የሚባል ጨው ነጋዴ ፈለጉ። ታረቀኝ ዓባይን ሲመላለስ ኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነው። «ለተማሪ የሚሆን ጥቂት ቃል አቀብለኝ» አሉት። ውሃ «ቢሻን»፣ ና «ኮቱ»፣ መሬት ተቀመጥ «ላፋ ታኢ» እንደሚባል ነገራቸው። መንገድ ለመንገድ እየደገሙ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ቶለሳን በፊታቸው አቆሙና ኮስተር ብለው፣ «ላፌ ታኢ!» አሉት።

ልጁ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየው አልነበረም። የእግሩን አገዳ መታ መታ አድርጎ «ላፌ» አለ፤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ነካና «ላፋ» አለ። መምህሩ ለካ አጥንት ሁን ብለውት ኖሯል። ነገሩ ሲገባቸው የኔታም ከልጆቹ ጋር ሳቁ፤ «ላፋ» እያሉም እስኪቀናቸው ደገሙት።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ሆነ። ጠዋት ከፊደሉ በፊት ቶለሳ አንድ ነገር በእጁ ይዞ በቋንቋው ይጠራዋል፤ ሁሉም ይከተሉታል። እነሱ ደግሞ በአማርኛ ይጠሩለታል፤ እሱ ይከተላቸዋል። መቀመጫውንም የኔታ አፏ ከማያርፈው ከልጃቸው ከጤናዬ አጠገብ አደረጉት። እሷ ስታወራለት ትውላለች፤ እንዲመልስላት ግን ማንም አያስገድደውም።

ወሬው ከደብሩ አለቃ ከአካለ ወልድ ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም መጥተው፣ «ልጆቻችንን የላክንልዎ ለዳዊት እንጂ ለገበያ ቋንቋ አይደለም» አሉ።

«አለቃ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ሐዋርያት በሰባ ሁለት ቋንቋ ተናገሩ» አሉ የኔታ። «እኔ ደካማው አንዷን ብሞክር ምን አለበት?»

አለቃ ደስ ሳይላቸው ሄዱ።

በሚያዝያ አንድ ረፋድ ላይ አውሮፕላን በዓባይ በኩል መጣ። ልጆቹ አስቀድሞ ተነግሯቸው ስለነበር ተበትነው ቁጥቋጦ ሥር ገቡ። ቶለሳ ግን ቀለቡን ከአክስቱ ቤት ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ ባዶው ሜዳ መሐል ተገኘ። «ተኛ! ተኛ!» ብለው የኔታ ጮሁ። አማርኛን በቀስታ ሲነግሩት ይሰማ ነበር፤ በዚያ ጩኸት ግን ቆሞ ቀረ። እሳቸውም የተማሩት ቃል ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። እንዳላማው ነው ከቁጥቋጦው ብድግ ብሎ፣ «ጪሲ! ቶለሳ፣ ጪሲ!» ያለው። ልጁ በደረቱ ተደፋ። ጥይቱ ሜዳውን አርሶ አለፈ፤ ሁለት ላሞች ሞቱ፤ የኔታ ወደ ልጁ ሲሮጡ ጭናቸው ላይ ተመቱ። ቁስሉ ከረመና ዳነ፤ እግራቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አላቸው፤ እርሻውንም ለእኩል አራሽ ሰጡት።

ቶለሳ አማርኛው ተፈታለት። መልእክተ ዮሐንስን ጨርሶ ዳዊት ገባ፤ ከጤናዬ ጋር ሲጣላ በሁለቱም ቋንቋ ይሳደብ ነበር።

ጣሊያን በወጣ ዓመት ዓባይ ሲጎድል አንዲት ሴት ከወንድሟ ጋር መጣች። የቶለሳ እናት ነበረች። እስከዚያ ድረስ ዋሻ ለዋሻ ስትሸሽ ኖራ ነው። ልጇን ከተማሪዎቹ መሐል ስታየው አልተጠጋችውም፤ እየፈራች አንድ ነገር ጠየቀችው። ቶለሳ ሳይደናቀፍ በቋንቋዋ መለሰላት። ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ምን አለችህ?» አሉ የኔታ።

«‹አፌን ረስተኸዋል?› አለችኝ። ‹አልረሳሁም፤ እዚህም ስናገረው ነበር› አልኳት።»

እናቱና አጎቱ ቶለሳን ይዘው ሲሄዱ የኔታ በምርኩዝ እያነከሱ እስከ አፋፉ ሸኟቸው። ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሷት። በቋንቋዋ የመረቀቻቸውን ግማሹን ሰሙ፤ ግማሹን አልሰሙም፤ ለሁሉም «አሜን» አሉ። ሦስቱ ቁልቁለቱን ወርደው ከዓይን እስኪሰወሩ ቆመው አዩ። ከዚያም ተማሪ ያለ ጠባቂ ሲውል እንደማይወዱ ትዝ አላቸውና ወደ ዋንዛው ተመለሱ።