ብርድ ይዛ የምትገባ አዋላጅ

በመካነ ሰላም ሰው ሲታመም ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ጋቢ ይደረብለታል፣ በሩ ይዘጋል፣ እሳቱ ይቆሰቆሳል። በሽታ ሁሉ ከብርድ ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን ሀጀራንም እንዲሁ አደረጓት፤ እየተንከባከቡ አባሱባት።

ሀጀራ የእናቴ የእንቁ ጎረቤትና የሰፈሩ አዋላጅ ነበረች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት አይበልጥም። ከመታመሟ በፊት መቀመጥ የማይወድ እግር ነበራት። ጠዋት ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያያት ሰው ከሰዓት በኋላ ገበያ መሃል ያገኛታል። ባሏ አብዱልጀሊል «እኔ ያገባሁት በቅሎ ነው፤ እሷንም ያለ ልጓም» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ሕመሙ በእግር ጣቶቿ ገባ። መጀመሪያ ደነዘዙ፤ ከዚያ ጉልበቷ ይከዳት ጀመር። አንድ ሰሞን ግራ ዓይኗ ጭጋግ ለበሰ፣ ከወር በኋላም በራሱ ጠራ። አንገቷን ስትደፋ የሚነዝር ነገር በጀርባዋ ቁልቁል ይወርዳል። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በዚህ የተነሳ አንዱ ዛር ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን። ከብርድ መጠበቅ እንዳለባት ግን ሁሉም ተስማማ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ ስለሚባል የነርቭ ሕመም ሳነብ ሙቀት እንደሚያባብሰው የሚናገረው ቦታ ላይ ስደርስ ፊቷ ድቅን አለብኝ። የመረመራት ሐኪም ስላልነበረ እርግጠኛ ልሆን አልችልም። ሌላ ስም ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

አብዱልጀሊል የሚያደርገው ቢጠፋው በበቅሎ ጭኖ ቆላ አወረዳት፣ ፍል ውሃ ሊያስነክራት። ሦስት ቀን ተነከረች። በአራተኛው ቀን በቅሎ ላይ መቀመጥ ስላቃታት በቃሬዛ መለሷት። ዳገቱን ሊጀምሩ ወንዝ ሲሻገሩ አንዱን ተሸካሚ ድንጋይ አዳለጠውና ሀጀራ ከነቃሬዛዋ ውሃው ውስጥ ወደቀች።

«ገደልናት!» አለ አብዱልጀሊል።

እሷ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ቁጭ አለች። ሊያወጧት ሲጎትቷት ግን ተሳደበች።

«አትንኩኝ! እግሬ እየመጣ ነው።»

ጥቂት ቆይታ ድንጋይ ተደግፋ ቆመች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዋን እንደ ብርዱ አደረገችው። ውርጭ ሳይቀልጥ ወጥታ ሥራዋን ትጨርሳለች፤ ፀሐይ ስትከር ከቤቷ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ እግሯን ገበቴ ውሃ ውስጥ ትከታለች። ጫማዋ ሲወልቅ ስለማይታወቃት ቁርጭምጭሚቷ ላይ በገመድ ታስረዋለች። ሲመሽ እግሯ የት እንዳረፈ ስለማታውቅ የእናቷን የሚያቃጭል የብር አልቦ ከሣጥን አውጥታ እግሯ ላይ አጠለቀች፤ ኮቴዋን በጆሮዋ ትከተላለች።

«ለማን ልታጌጪ ነው?» ይሏታል ሴቶቹ።

«ለቦዩ። እንዳልገባበት።»

የሞቀ ውሃ በክንዷ ትሞክራለች፤ መዳፏ ይዋሻታል። ልብስ የምታጥበው በርጩማ ላይ ሆና ነው። ቀትር ላይ ድካሙ ሲጥላት ትተኛለች፤ መተኛቱን ግን እንደ ስድብ ነበር የምትቆጥረው። ጋደም ብላም ጣቷ የሰሌኑን ጠርዝ ሲመዝ ይውላል።

ከሁሉ የከበዳት ማዋለዱ ነበር። የምታምጥ ሴት ያለችበት ቤት፣ ብርድና የሰው ዓይን እንዳይገባ፣ በሩ ይዘጋል፣ እሳት ይነዳል። ሀጀራ እዚያ ትንሽ ከቆየች እግሯም ዓይኗም ይከዷታል። ስለዚህ ከመግባቷ በፊት እግሯን ትነክርና ሻሿን አርጥባ ትጠመጥማለች። ወሬው ፈጥኖ ተዳረሰ፦ ሀጀራ ብርድ ይዛ ትገባለች። ሁለት ቤቶች ሌላ አዋላጅ ጠሩ። ሦስተኛ ከተደገመ ከዚያ ወዲያ ማንም እንደማይጠራት ታውቃለች።

«ማዋለድ ከቀረብኝ» አለቻት እናቴን፣ «ፀሐይ ላይ አስጡኝ። እንደ በርበሬ ልድረቅላችሁ።»

በ1962 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አልታየች የምትባለው የወይዘሮ ሐረግ ምራት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። ሌላዋ አዋላጅ ለቅሶ ወደ ወግዲ ሄዳ ስለነበር ሳይወዱ ሀጀራን አስጠሩ። ቀትር ነው። እናቴ ደግፋ ወሰደቻት።

ሐረግ በሩ ላይ ቆመው ከራስ እስከ እግሯ አዩዋት። ከሻሿ ውሃ ይንጠባጠባል።

«አንቺ፣ ከቤትሽ ነው ከወንዝ የመጣሽው?»

«ከሁለቱም፣ እትዬ ሐረግ። ያሳልፉኝ።»

«ይህን ተሸክመሽ አትገቢም። አውልቂው። እግርሽንም አድርቂ።»

ከውስጥ አልታየች ጮኸች። ሀጀራ ሻሿን አውልቃ ደጁ ላይ ጣለችና እግሯን በቀሚሷ ጠርዝ አብሳ ገባች። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ጭሱና ሙቀቱ ያፍን እንደነበር እናቴ ትናገራለች። ጥቂት እንደቆዩ ሀጀራ ዓይኗን ትጠራርግ ጀመር። እጇን ዘርግታ ዳሰሰች፣ መለሰች፣ እንደገና ዳሰሰች።

«ምነው?» አለቻት እናቴ በሹክሹክታ።

«ጣቴ የለም። ጭድ የምዳስስ ነው የሚመስለኝ። ዓይኔም እየሄደ ነው።» ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች። «በሩን ክፈቱት!»

ሐረግ በሩን በጀርባቸው ደገፉት። «ምች ልታስመቻት ነው? የሚወለደው ሰው ነው እንጂ ጥጃ አይደለም! ካልቻልሽ ውጪ።»

«ብወጣ ማን ሊቀበላት ነው? አንቱ?»

ሐረግ ከበሩ አልተነሱም።

አልታየች በሁለት ምጥ መካከል ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እትዬ ሀጀራ፣ በሩ ጋ ነው የሚሻልዎት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ።»

በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች መጣች። አማቷ እግር ሥር ስትደርስ ቀና አለች። «እማማ፣ ከበሩ ይነሱልኝ።»

በዚያ ዘመን ምራት አማቷን እንዲህ ስትል ተሰምቶ አያውቅም። ሐረግ ደንግጠው ተነሱ። በሩ ሲከፈት የመንገዱ ሰው እንዳያይ ራሳቸው ጋቢ በሁለት እጃቸው ዘርግተው መጋረጃ ሆኑ፤ ወደ መንገዱ ዞረው እያጉረመረሙ። እናቴ በሩ አጠገብ የነበረውን የእንስራ ውሃ በሀጀራ ማጅራት ላይ አፈሰሰችው። ነፋሱ ገባ። ሀጀራ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። አየች።

ጣቶቿ ግን አልተመለሱም። እያፍተለተለች ጠበቀቻቸው፤ ምጡ አልጠበቃትም። አልታየች በሩ ደፍ ላይ ተንበርክካ እንደ አገሩ ልማድ «ያ ረቢ!» ስትል፣ ከጋቢው ወዲያ ሐረግ «ማርያም! ማርያም!» ሲሉ፣ የሕፃኑ ራስ ወጣ፤ ቆመም። ፊቱ ጠቁሯል።

«እንቁ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

«እኔ? እኔ ዶሮ እንኳ አስታቅፌ አላውቅም!»

«እጅሽን ነው ያልኩሽ፣ ምላስሽን አይደለም። አንገቱ ሥር ጣትሽን አስገቢ። ምን አገኘሽ?»

«የሚያሟልጭ... እንደ ገመድ ያለ።»

«ይመታል?»

«ይመታል። ወይኔ፣ ይመታል!»

«አልሐምዱሊላህ። እትብቱ ነው። እንዳትጎትቺው። የሕፃን ማተብ ሳትበጥሺ በራሱ በኩል እንደምታወልቂ፣ እንዲያ አሳልፊው። ቀስ። ቀስ አልኩሽ! አሁን አልታየች፣ ግፊ።»

ሴት ልጅ ነበረች። ዝም ብላ ወጣች፣ ዝም ብላም ቆየች። ሀጀራ ሕፃኗን በእግሯ አንጠልጥላ ጀርባዋን በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት፤ ጮኸች። ሐረግ ጋቢውን ሳይለቁ ሦስት ጊዜ እልል አሉ።

«አሁን ይዘጋ?»

«የእንግዴ ልጁ ይውጣና ይዘጋል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቴ ደስታ ይዟት ስታወራ ሀጀራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትቆነጥር ነበር። አጥር ጥግ ሲደርሱ ቆመች።

«ዛሬ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ልጅቷ ሞታ ነበር።»

«ብቻሽን አልነበርሽማ።»

«ነገም ብቻዬን አልሄድም። ትሰሚኛለሽ? አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም።»

ሐረግ ነገሩን ለገበያው ሁሉ ያወሩት በምሬት ነው። «አንድ አዋላጅ ጠርቼ ሁለት አበላሁ። አንዷ ታያለች፣ አንዷ ትዳስሳለች። በሬን ከፍተው ቤቴን መንገድ አደረጉት!» ልጅቷን ግን ላየ ሰው ሁሉ ከጋቢ ገለጥ አድርገው ያሳዩ ነበር። ያም ለሰሚው በቂ ሆነ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ በራችን በዱላ ተመታ።

«እንቁ! ተነሽ፤ ከወግዲ መንገድ በታች አንዲት በምጥ ተይዛለች። ፀሐይ ሳትቀድመን።»

«ቆይ፣ የልጆቹን ቁርስ...»

«ባልሽ እጅ የለውም?»

እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ሀጀራ አልጠበቀቻትም። ዱላዋን ተመርኩዛ፣ ቀኝ እግሯን እየሳበች፣ ቁልቁለቱን ተያይዛው ነበር።