ቲኬት ቆራጯና «ደህና ነኝ»

በአውቶቡስ መናኸሪያው ሁለተኛ መስኮት የምትሠራው ቲኬት ቆራጭ ከወለደች ወዲህ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። መስኮቱ የተሠራው ለተቀማጭ ስለሆነ መንገደኛው የሚያየው እጆቿንና ሆዷን ነው፤ ፊቷን ለማየት ጎንበስ ማለት አለበት። ባልደረቦቿ «ዘበኛዋ» የሚል ስም አወጡላት። እሷም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ? ስትወልድ ክፉኛ መቀደዷን፣ ሐኪሙ ተጣድፎ እንደነገሩ ሰፍቶ እንደሸኛት፣ ቁስሉ አመርቅዞ መከፈቱን፣ ከዚያ ወዲህ መቀመጥ እንደሚያማትና ሰገራዋን መቆጣጠር እንዳቃታት በመስኮት ለመንገደኛ አይነገር።

ምስጢሩን የሚያውቁት ባሏና አማቷ ብቻ ነበሩ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። አማትየዋ ግን ከጎኗ አልተለዩም። አንሶላ ያጥባሉ፣ ሕፃኗን ያባብላሉ፣ ጎረቤት ብቅ ካለ «የሕፃኗ ጨርቅ ነው» እያሉ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ይጋርዳሉ። ሴትዮዋ ወርቅ ናቸው። ገበና ከሚወጣባቸው ግን ነፍሳቸው ብትወጣ ይመርጣሉ።

«ልጄ፣ ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ደህና ነኝ በይና እለፊ» ይሏታል።

እሷም አለፈች። ጉዱ ሐኪሙንም እንዲሁ ማለፏ ነው። ለክትትል በሄደች ቁጥር ቀና እንኳ ሳይል «እንዴት ነሽ?» ይላታል፤ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ትላለች፤ ሕመሟን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ቀጣዩ ታካሚ ተጠርቷል። ሐኪሙም «ደህና ነኝ ብላለች» ብሎ ካርዷ ላይ ይጽፋል። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሳይቀር ደህና ነኝ በሚል ሰው መሃል ያደገ ሐኪም፣ ይህ ሰላምታ እንጂ ምስክርነት አለመሆኑ እንዴት ይጠፋዋል?

በኋላ ሌላ ሆስፒታል ሄደች። እዚያ በደንብ ያየቻት ሐኪም እቅጩን ነገረቻት። በወጉ ቢሰፋ፣ ሲከፈትም ወዲያው ቢታይ እዚህ አይደርስም ነበር፤ አሁንም በቀዶ ጥገና ይስተካከላል። ወጪው ግን በቲኬት ቆራጭ ደሞዝ የሚሞከር አልነበረም።

«ያበላሸው ይክፈል» አለች ማታ ለአማቷ። «ልከስ ነው፣ እማዬ።»

«ሰው ፊት ልትናገሪው?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አማትየዋ የሚያጥፉትን አንሶላ አስቀመጡ። «እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም» አሉ በመጨረሻ።

የታካሚዎችን አቤቱታ የሚሰማው ጉባኤ ፊት ስትቀርብ ሰብሳቢዋ ወንበር አሳየቻት።

«ተቀመጪ እንጂ።»

«የመጣሁበት አንዱ ጉዳይ እሱ ነው» አለች ቆማ።

የወለደችበት ሆስፒታል ጠበቃ ጉንፋን አጣድፎታል። በመሐረብ አፍንጫውን እየጠራረገ ካርዷን አነበበ። «በመጣች ቁጥር ደህና ነኝ ብላለች። ሆስፒታሉ ያልተነገረውን ሕመም ከየት አውቆ ያክም?»

አማትየዋ ሳይጠየቁ ተነሡ። «የኔ ልጅ፣ ቅድም ኮሪደር ላይ እንዴት ነህ ስልህ ምን አልከኝ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን...» አለና አስነጠሰው።

ሰብሳቢዋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ቲኬት ቆራጯ ዞረች። «አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ የምንቸኩልበት የለም። እንዴት ነሽ?»

የቲኬት ቆራጯ ፊት ነደደ። ለዓመታት የለመደችው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። አማቷን አየች፤ አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

«ደህና አይደለሁም» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! የምትይዘውን ጨርቅ፣ ሽታው እንዳይታወቅባት ቀኑን ሙሉ ስትሸማቀቅ መዋሏን፣ ለሰው ሁሉ የአውቶቡስ ቲኬት እየቆረጠች እሷ በእግሯ ወደ ቤቷ መሄዷን ተናገረች። «ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ አታውቅም» ስትል ያልተቀመጠችበትን ወንበር መደገፊያ ጨበጠች። ቢሆንም ጨረሰችው።

ጉባኤው ሆስፒታሉ የቀዶ ጥገናውን ወጪና ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። ሐኪሙ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግባል።

ለቀዶ ጥገናው በገባችበት ጠዋት ያቺው እቅጩን የነገረቻት ሐኪም ጓንቷን እያጠለቀች ወደ አልጋው መጣች።

«እሺ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና...» ልትል ስትል አማትየዋ በክርናቸው ጎሸሟት።

«ደህና አይደለችም!» አሉ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ።